ሚዛኑን እንመዝነው



ባለፈው ግንቦት፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የልጆች ቤዝቦል ሜዳ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ጨዋታው እንዳለቀ አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነው አንድ ልጅ እየሮጠ ወደ አባቱ መጣ። አባትየው የሀገራችን ሰው ነው። የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ከፈረቃው በቀጥታ መጥቶ የደረሰው ለመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ነበር። «እሺ የኔ ጌታ፣ ስንት መታህ?» አለው። ልጁ አንገቱን ደፋ። «ምንም አልመታሁም፣ አባዬ።» አባትየው «አይዞህ፣ ሌላ ቀን ትመታለህ» ብሎ ራሱን ዳበሰው፤ ቦርሳውንም ተሸከመለትና ወደ መኪናቸው ሄዱ።

እኔ ጨዋታ ስመለከት እርሳስና ወረቀት ይዤ መመዝገብ ልማዴ ነው። በወረቀቴ ላይ ያ ልጅ ለመምታት 4 ጊዜ ቀርቧል። ከ4ቱ 3 ጊዜ የማይመቱትን ኳሶች አንድ በአንድ እያሳለፈ፣ ዱላውን ሳይሰነዝር አንደኛ ቤዝ ደርሷል። ከዚያ 2 ጊዜ ዞሮ ገብቶ 2 ነጥብ አስገኝቷል። ቡድኑ ያሸነፈው በ1 ነጥብ ነው።

ልጁ አልዋሸም፤ አባትየውም ክፉ ጥያቄ አልጠየቀም። ሁለቱ የያዙት ሚዛን ግን የልጁን ሥራ የሚያነሣ አልነበረም። ዛሬ ማታ የምነግራችሁ የቤዝቦል መቺዎችን ሥራ በቁጥር ለማወዳደር ሰዎች ከ150 ዓመት በላይ ስለለፉት ልፋት ነው። የምሟገተውም ለአንድ ነገር ነው፦ ማን ይበልጣል ብለን ከመፍረዳችን በፊት የምንፈርድበትን ሚዛን ራሱን መመዘን አለብን። የምጠራቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ወርዋሪው ኳስ ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ይመታል። መቺው አራቱን ቤዞች ዞሮ ወደ ተነሣበት ከተመለሰ ቡድኑ 1 ነጥብ ያገኛል። በአንድ ምት አንደኛ ቤዝ ከደረሰ ምቱ ሲንግል ይባላል፤ ሁለተኛው ጋ ከደረሰ ደብል፣ ሦስተኛው ጋ ከደረሰ ትሪፕል። ኳሷን ከአጥሩ ማዶ ከሰደዳት ደግሞ ሆም ራን ነው። ወርዋሪው ከመምቻው ክልል ውጭ 4 ኳሶች ከወረወረና መቺው ካልተታለለ፣ አንደኛ ቤዝ ድረስ በእግሩ እየተራመደ ይሄዳል፤ ይህ ዎክ ይባላል። ተራው የተቃጠለበት ተጫዋች አውት ይባላል። አንድ ቡድን በ9 የመምቻ ዙር፣ ማለትም በ9 ኢኒንግ፣ ያለው 27 አውት ነው። እነዚያን 27 አውቶች የቤት አስቤዛ ገንዘብ አድርጋችሁ ቁጠሯቸው፤ ካለቁ ጨዋታው አለቀ። አውት ሳይሆን ቤዝ የደረሰ መቺ ሁሉ ከዚያች ገንዘብ ቆጥቧል።

የመጀመሪያው ሚዛን የሄንሪ ቻድዊክ ነው። ቻድዊክ በ1824 እንግሊዝ ሀገር ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ የክሪኬት ዘጋቢ ነበር። በቤዝቦል ፍቅር ተነድፎ ጨዋታውን በሰንጠረዥ መመዝገብ ጀመረ። እስከ ዛሬ በየቴሌቪዥኑ የምናየው የምት አማካይ የእሱ የቆጠራ ልማድ ውርስ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ መቺው የመታው ለመምታት በቀረበበት ጊዜ ብዛት ይካፈላል። ከ10 ጊዜ 3 ቢመታ 0.300 ይባላል። ዎክ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። በዚያ ዘመን ዎክ የወርዋሪው ስሕተት እንጂ የመቺው ሥራ ተደርጎ አይታይም ነበር። በ1887 ለአንድ ዓመት ብቻ ዎክ እንደ ምት ተቆጠረ፤ በዓመቱ ደንቡ ተሻረ። የዚያ የሜሪላንዱ ልጅ 3 ዎኮች ከሒሳብ የወጡት ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይብሳል። የምት አማካይ ሲንግልንም ሆም ራንንም እኩል 1 ብሎ ይቆጥራል። ይህን በ1916 በአደባባይ የተቃወመው የቤዝቦል መጽሔት አዘጋጁ ኤፍ ሲ ሌን ነበር። ክርክሩን በሳንቲም አቀረበው። በእኛ ቤት አባባል ልመልሰው፦ አንዱ በኪሱ አምስት ሳንቲም፣ አሥር ሳንቲምና ስሙኒ ይዟል፤ ሌላው ሦስት ሽልንግ ይዟል። ስንት አላችሁ ሲባሉ ሁለቱም «ሦስት ፍራንክ አለኝ» ቢሉ፣ ማን ነው እኩል ናቸው የሚል? ሌን ሳንቲሙን መቁጠር ትታችሁ ዋጋውን ደምሩ አለ። እውነቱን ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው።

በ1947 ብሩክሊን ዶጀርስ አለን ሮት የሚባል የሞንትሪያል ሰው ቀጠረ። ሥራው መቁጠር ብቻ ነበር። ያኔ የቡድኑ አለቃ የነበረው ብራንች ሪኪ የሮትን ሥራ ይዞ በ1954 ላይፍ መጽሔት ላይ የድሮ አስተሳሰቦችን የሚሞግት ጽሑፍ አወጣ። በዚያ ጽሑፍ መሐል የቆመው ቤዝ የመድረስ ምጣኔ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ መቺው ከቀረበበት ጊዜ ውስጥ አውት ሳይሆን ቤዝ የደረሰው ስንቱን ነው? ዎክ እዚህ ውስጥ ተቆጠረ። ሆኖም ይህ ምጣኔ በሊጎቹ በይፋ የተመዘገበው በ1984 ነው። አንድ እውነት ታውቆ እስኪታመንበት ድረስ 30 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። ዎክ ይቆጠር ካልን፣ ስንት ብለን እንቁጠረው? ሆም ራንስ ከሲንግል በስንት ይበልጣል? ለዚህ መንገዱን ካሳዩት አንዱ ጆርጅ ሊንድሲ የተባለ ካናዳዊ የጦር ኃይል ተመራማሪ ነው። ጡረታ የወጡት ኮሎኔል አባቱ በመቶ የሚቆጠሩ ጨዋታዎችን እየተከታተሉ አንድ በአንድ በእጃቸው መዘገቡለት። ልጅየው ያንን መዝገብ ይዞ በ1963 ባሳተመው ጥናት እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ ቤዞቹ ባዶ ሆነው፣ አውትም ሳይኖር፣ አንድ ቡድን እስከ ኢኒንጉ መጨረሻ በአማካይ ስንት ነጥብ ያገኛል? መልሱ ግማሽ ነጥብ ገደማ ነው። አንድ ሰው አንደኛ ቤዝ ላይ ሲቆምስ? ከ0.8 እስከ 0.9 ይደርሳል። እንግዲህ ኢኒንጉን በዎክ የከፈተ መቺ ዱላውን ሳያነሣ ለቡድኑ አንድ ሦስተኛ ነጥብ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ቤዝቦል ውስጥ በእግሩ የሄደ ሰው የሚያወጣውን ዋጋ በቁጥር ያገኘንለት በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ለሁሉም ዓይነት ምት ስታደርጉት፣ ለእያንዳንዱ በሺህ የሚቆጠሩ አጋጣሚዎችን አማክላችሁ ዋጋ ትሰጡታላችሁ። ፒት ፓልመር በ1984 ከጆን ቶርን ጋር ባሳተመው መጽሐፍ የሰጣቸው ዋጋዎች በግምት እነዚህ ናቸው፦ ሲንግል 0.46 ነጥብ፣ ደብል 0.80፣ ትሪፕል 1.02፣ ሆም ራን 1.40፣ ዎክ 0.33። አውት ደግሞ ከቡድኑ ሩብ ነጥብ ይቀንሳል። ሆም ራን ከሲንግል የሚበልጠው 3 እጥፍ ገደማ እንጂ 4 እጥፍ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ሲንግል የመታው ሰው ራሱ ቤዝ ላይ ይቀራል፤ ከፊቱ የቆሙትንም ያራምዳል።

አሁን ይህን ሚዛን በአንድ የቆየ ክርክር ላይ እንሞክረው። ዘመኑ 1941 ነው። የኒውዮርክ ያንኪሱ ጆ ዲማጂዮ በ56 ተከታታይ ጨዋታዎች ምት ሳያጣ ቀረ። እስከ ዛሬ ያንን የሰበረ የለም። የቦስተኑ ቴድ ዊልያምስ በዚያው ዓመት በ0.406 አማካይ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ትልልቅ ሊጎች፣ በአሜሪካን ሊግም ሆነ በናሽናል ሊግ፣ 0.400 የደረሰ አልተገኘም። የዓመቱን ኮከብ የመረጡት ጋዜጠኞች ሽልማቱን ለዲማጂዮ ሰጡ። እኔ ደግሞ ለዚህ ንግግር ስል እርሳሴን አነሣሁ።

ዊልያምስ 112 ሲንግል፣ 33 ደብል፣ 3 ትሪፕልና 37 ሆም ራን መታ። 147 ዎክ አገኘ፤ 3 ጊዜ ደግሞ ኳስ አካሉን መትቶት አንደኛ ቤዝ ተሰጠው። 271 ጊዜ ሳይሳካለት ቀረ። እያንዳንዱን በዋጋው አባዝታችሁ ስትደምሩና አውቶቹን ስትቀንሱ፣ ከመካከለኛ መቺ በላይ 115 ነጥብ ገደማ ይወጣል። ዲማጂዮ 109 ሲንግል፣ 43 ደብል፣ 11 ትሪፕል፣ 30 ሆም ራን መታ፤ በዎክና ኳስ አካሉን በመምታቱ ቤዝ የደረሰው 80 ጊዜ ነው፤ 348 ጊዜ ሳይሳካለት ቀረ። የእሱ ድምር 77 ገደማ ነው። ሁለቱም ድንቅ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን 38 ነጥብ ያህል አለ። 10 ነጥብ ገደማ አንድ ድል ያስገኛል በሚለው በታወቀው ግምት፣ የዊልያምስ ዱላ ከዲማጂዮ ዱላ 4 ያህል ድል ይበልጥ ነበር።

ይህ ብልጫ ከየት መጣ? በምት ብዛትማ ዲማጂዮ ይበልጣል፤ 193 ለ185። ልዩነቱን የሠሩት በአብዛኛው ዎኩና አውቱ ናቸው። ዊልያምስ ለመምታት ከቀረበበት ጊዜ ከግማሽ በላይ ቤዝ ደረሰ፤ ምጣኔው 0.553 ነበር። በ1941 ሰው ሁሉ 56ቱን ጨዋታ ሲቆጥር፣ የእነዚያን 147 ዎኮች ዋጋ ያሰበ አልነበረም።

ቁጥር ሁሉንም ያያል ብዬ ግን ልዋሻችሁ አልሻም። እስከዚያው የውድድር ዓመት የመጨረሻ ቀን ድረስ ዊልያምስ 448 ጊዜ ቀርቦ 179 መትቶ ነበር። ይህ 0.39955 ነው፤ ሲጠጋጋ 0.400 ይሆናል። አሠልጣኙ ብትፈልግ ተቀመጥ፣ ታሪክህ ይጠበቅልህ አለው። ዊልያምስ ግን በዚያ ቀን የነበሩትን ሁለቱንም ጨዋታዎች ተሰለፈ፤ 8 ጊዜ ቀርቦ 6 መታ። የሒሳቡ ሰንጠረዥ 6 ምቶችን ይመዘግባል፤ ያ ሰው መቀመጥ ሲችል መነሣቱን የሚጽፍበት ዓምድ የለውም። ስለዚህ ቁጥሩን የማከብረውን ያህል ሰውየውንም በዓይን ማየት እንደሚገባ አምናለሁ።

ሌላው የሚዛን ጥያቄ ቦታና ዘመን ነው። ይህን ከእናንተ የተሻለ የሚረዳ አድማጭ የት አገኛለሁ? አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነው። ሰዓት ብቻ ካየን ማሞ በ8 ደቂቃ ተበልጧል። ከመካከላችን ግን በዚህ ምክንያት ማሞን ደካማ የሚል አንድም ሰው የለም። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ማሞን በትክክል የሚመዝነው በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው አየር የሮጡት ሰዎች ሰዓት ነው። ከእነሱ ሁለተኛ የወጣውን ጃፓናዊ ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞታል።

የቤዝቦል ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በስሱ አየር ኳስ ርቃ ትበራለች፤ እዚያ የሚጫወት መቺ ቁጥሩ ያብጣል። በዘመንም እንዲሁ ነው። በ1930 የናሽናል ሊግ መቺዎች ሁሉ፣ ጎበዙም ሰነፉም ተደምረው፣ አማካያቸው 0.303 ነበር። በ1968 ግን ወርዋሪዎች ገነኑ፤ የአሜሪካን ሊግ አማካይ ወደ 0.230 ወረደ። በዚያ ዓመት ካርል ያስትረምስኪ የሊጉ አንደኛ መቺ የሆነው በ0.301 ነው። በ1930 ቢሆን ያ ቁጥር ከሊጉ አማካይ በታች ነበር! በቀጣዩ ዓመት ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ዝቅ እንዲል በጨዋታው ደንብ ተወሰነ።

ለዚህ ሲባል ባለሙያዎቹ መቺውን ከዘመኑ ሊግ ጋር አወዳድረው፣ የሜዳውንም ተጽዕኖ አስተካክለው በ100 የሚመዝኑ መለኪያዎችን ሠሩ። ከእነዚህ አንዱ ደብልዩ አር ሲ ፕላስ የሚባለው ነው። 100 ማለት የዘመኑ መካከለኛ መቺ ነው፤ 150 ማለት በ50 በመቶ የበለጠ ነጥብ የሚያስገኝ ነው። በዚህ መንገድ የ1930ውን ከ1968ቱ፣ የዴንቨሩን ከባሕር ዳርቻው ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ ዕድል አለ። ሁለት መቺዎች አንዱ 0.285፣ ሌላው 0.265 ቢመቱ፣ በየቡና ቤቱ አንዱ ይሞገሳል፣ ሌላው ይታማል። ነገር ግን እውነተኛ ችሎታው 0.270 የሆነ ሰው 500 ጊዜ ቢቀርብ፣ በዕድል ብቻ ከ3 ዓመት 2ቱን ያህል ከ0.250 እስከ 0.290 ባለው መካከል ይዋልላል። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ችሎታ ሊኖራቸው ይችላል። በጥቂት ሳምንት ቁጥር ልጅን ከቡድን ማስወጣትም ሆነ በሰማይ ማንሣት፣ ሁለቱም የሒሳብ ስሕተት ናቸው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ላይ ጨዋታ ይመስላችሁ ይሆናል። የሰው እንጀራ ግን አለበት። ቢል ጄምስ በካንሳስ አንድ የቦሎቄ ማሸጊያ ፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ሆኖ እየሠራ፣ በ1977 የመጀመሪያውን የቤዝቦል ስታቲስቲክስ ጥራዙን በራሱ ወጪ አሳተመ። ከ25 ዓመት በኋላ ቦስተን ሬድ ሶክስ አማካሪ አድርጎ ቀጠረው፤ ቡድኑ ከ1918 ወዲህ አጥቶት የነበረውን ሻምፒዮንነት በ2004 አገኘ። በ2002 ደግሞ የኦክላንድ ቡድን በ40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደመወዝ 103 ጨዋታ አሸነፈ፤ 125 ሚሊዮን ያህል የከፈለው የኒውዮርክ ያንኪስም ያሸነፈው 103 ነው። ኦክላንድ ከወሰዳቸው ሰዎች አንዱ ስኮት ሃተበርግ ነው። ኳስ ያዥ ነበር፤ ክርኑ ተጎድቶ መወርወር ስላቃተው ብዙዎች ትተውታል። ኦክላንድ ግን ክፉ ኳስ የማይነካ ዓይኑን አይቶ ሌላ ቦታ አጫወተው። በዚያ ዓመት መስከረም መግቢያ ላይ የቡድኑን 20ኛ ተከታታይ ድል በሆም ራን ያመጣው እሱ ነበር። ቡድኑ በማጣሪያው የመጀመሪያ ዙር ቢሸነፍም፣ የተናቀ ሥራ ዋጋ እንዳለው ለሁሉም አሳየ።

ወገኖቼ፣ ሚዛን ከሁሉ የከፋ በደል የሚያደርሰው ጨርሶ ሳይመዝን ሲቀር ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ባለው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በኩል ያላለፈ ከመካከላችን የለም። ሆስፒታሉ የቆመበት መሬት ቀድሞ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። ጆሽ ጊብሰን የሚባል ጥቁር መቺ ከሆምስቴድ ግሬይስ ጋር የተጫወተው እዚያ ነው። ጥቁር በመሆኑ ብቻ ወደ ትልልቆቹ ሊጎች እንዳይገባ ተከለከለ። በጥር 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ፤ ጃኪ ሮቢንሰን ያንን በር የከፈተው ከ3 ወር በኋላ ነው። የጊብሰን ምቶች ለዘመናት በይፋዊው መዝገብ አልነበሩም። ተመራማሪዎች የድሮ ጋዜጦችን ገጽ በገጽ እየፈተሹ ምቶቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። በ2024 መዝገቡ ሲስተካከል የጊብሰን የዕድሜ ልክ አማካይ 0.372 ሆነ፤ እስከዚያ አንደኛ የነበረውን ታይ ከብን በልጦ አንደኛ ወጣ። የ1943 አማካዩም 0.466 ነው። እነዚያ ምቶች ሲመቱ የዘገባቸው ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ዛሬ ማንም ሊመልሳቸው አይችልም ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ ልጃችሁ ከሜዳ ሲመጣ «ስንት መታህ?» የሚለውን ለጊዜው ተዉት። «ስንቴ ቤዝ ደረስክ?» በሉት። ጊዜ ካላችሁም እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ዳር ተቀመጡና ሥራውን ሁሉ ጻፉለት። ያ የሜሪላንዱ ልጅ ያን ቀን የጠበቀው ይህን ጥያቄ ነበር።